«ያሞቃል» የሚለው ማለስለሻ፦ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ አይግዙ

መድኃኒት ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ዝቅ የሚልባቸው ጥቂት ዕቃዎች አሉ። ኮንዶም ድሮ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ አሁን ብዙዎች ሳያፍሩ ይጠይቁታል። በግንኙነት ጊዜ የሚቀባው ማለስለሻ ግን ገና ነው። ደንበኛው ሌላው ሰው እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙናዎቹን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ያነባል፤ ከዚያ ጠጋ ይልና «ያ የሚያሞቀው ዓይነት አለ?» ይለኛል። እኔም «ሙቀቱ ከምን የሚመጣው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ይህን ጥያቄ ጠብቆ የመጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሙቀት ያው ሙቀት አይደለም እንዴ?

አይደለም። «ያሞቃል» ተብሎ የሚሸጠው ማለስለሻ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይሠራል። አንዱ በእርግጥ ይሞቃል። ሌላው ሳይሞቅ የሞቀ ያስመስላል። ሦስተኛው ደም ወደ ቆዳው እንዲጎርፍ አድርጎ ቆዳውን ራሱን ያሞቃል። ማሸጊያው ላይ የተሣለው የእሳት ነበልባል ግን ለሦስቱም አንድ ነው። ከዋጋውም፣ ከሽታውም፣ ከማሸጊያው ማማርም በፊት መለየት ያለበት ይህ ነው፤ ለማን እንደሚስማማ፣ ምን ያህል ጊዜ መጠቀም እንደሚቻልና ሲያቃጥል ምን እንደሚደረግ የሚወስነው እሱ ነውና።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ማለስለሻ መጠቀም የፍቅር ማነስ ምልክት አይደለም። ሴት ባሏን እየወደደች፣ ፍላጎቱም እያላት ሰውነቷ ሊደርቅ ይችላል። ጡት በምታጠባ እናት ላይ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ዝቅ ስለሚል ድርቀት የተለመደ ነው፤ የወር አበባ ካቆመ በኋላም እንዲሁ። የአለርጂ ክኒን አፍንጫን እንደሚያደርቅ ሁሉ ብልትንም ሊያደርቅ ይችላል። ይህን ባለማወቅ የተኳረፉ ባልና ሚስት ጥቂት አይመስሉኝም።

ውኃ ሲነካው የሚሞቀው

የመጀመሪያው ዓይነት በአብዛኛው ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ አንዳንዱ ማርም ይጨመርበታል። ውኃ የለውም፤ ቢኖረውም እጅግ ጥቂት ነው። ምስጢሩም እዚያ ላይ ነው። እነዚህ ፈሳሾች ከውኃ ጋር ሲቀላቀሉ ሙቀት ይለቃሉ። የሰውነት እርጥበት ሲያገኛቸው ለዘብ ያለ፣ ግን እውነተኛ ሙቀት ይፈጠራል። ግሊሰሪን ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ለደረቀ እጅ፣ ለተሰነጠቀ ከንፈር፣ ለፀጉርም እንቀባዋለን። ውኃ ሳይቀላቅል እንዳለ ፊቱን ቀብቶት ሙቀት ብጤ የተሰማው ሰው ነገሩን በቆዳው ያውቀዋል።

እቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ከማለስለሻው አንዲት ጠብታ በእጅዎ ጀርባ ላይ ያድርጉ፤ በላዩ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ጨምረው በጣትዎ ይሹት። ሙቀቱ ወዲያው ከመጣና ጥቂት ቆይቶ ከጠፋ ከዚህ ዓይነት ነው። ምንም ሳይሰማዎት ቆይቶ ከደቂቃዎች በኋላ መለብለብ ከጀመረ ደግሞ በእጅዎ ያለው ቀጥሎ የማወራው ሌላው ዓይነት ነው።

የዚህ ዓይነቱ መልካም ጎን ግልጽ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ይመጣል፤ ስለዚህ መጠኑን መመጠን ቀላል ነው። የሚፈልገውን ውኃ ሲያገኝ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። በውኃ ይለቃል፤ አንሶላ ላይም ክፉ እድፍ አይተውም። ዘይት ስለሌለው የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ኮንዶምን አያላላም፤ ያም ሆኖ ማሸጊያው ላይ ለኮንዶም የሚስማማ መሆኑ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል።

ችግሩ ጥማቱ ነው። ቲማቲም ከትፈው ጨው ነስንሰው ጥቂት ቢተዉት ሳህኑ ላይ ውኃ ያቁራል። ያ ውኃ ከሌላ አልመጣም፤ ጨው ከቲማቲሙ ሆድ ስቦ ያወጣው ነው። ወፍራም ግሊሰሪንና ግላይኮልም በብልት ስስ ሽፋን ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከሕዋሳቱ ውስጥ ውኃ ይስባሉ። ባለሙያዎች ይህን የመሳብ ኃይል ኦስሞላሊቲ ይሉታል፤ የሚለካውም በኪሎ ግራም ስንት ሚሊ ኦስሞል ተብሎ ነው። የሴት ብልት ተፈጥሯዊ እርጥበት ከ260 እስከ 290 አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድና ኤፍኤችአይ 360 ከተባለው የጤናና የልማት ድርጅት ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ማለስለሻ ከ380 ባይበልጥ ይመረጣል ብሏል። ነገር ግን ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ምርት ከዚያ በላይ ስለሆነ ለጊዜው እስከ 1,200 ድረስ ተፈቅዷል። የግላይኮሉም ድርሻ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ8.3 በመቶ ባይበልጥ መልካም ነው ይላል። አሁን የሚያሞቀውን ጄል እንመልከት፤ እዚያው ሰነድ ውስጥ ከተዘረዘሩት ምርቶች መካከል የሚያሞቀው ጄል ከ10,000 በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። በጊዜያዊነት ከተፈቀደው ጣሪያ ስምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

በላቦራቶሪ እንደታየው እንዲህ ያለ ወፍራም ማለስለሻ የላይኛውን የሕዋስ ሽፋን ያኮማትረዋል፤ ሊልጠውም ይችላል። ይህ ሽፋን ደግሞ ለኤች አይ ቪና ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የመጀመሪያው አጥር ነው። አንድ ምሽት የተጠቀመ ሰው ይታመማል ማለቴ አይደለም፤ ላቦራቶሪ ሌላ፣ የሰው ኑሮ ሌላ ነው። ነገር ግን ድርቀት ስላስቸገራት ይህን ዓይነት የገዛች ሴት ውኃ የጠማው ሰው ጨዋማ ነገር እንደ መጠጣት ያለ ምርጫ አድርጋለች። መጀመሪያ ያርሳል፤ በኋላ ያደርቃል። «ስጠቀም ደኅና ነው፤ በማግሥቱ ግን ይከረክረኛል» የሚሉኝ ሴቶች በእጃቸው ያለውን ማሸጊያ ሳነብ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ ለጨዋታ ያህል፣ አልፎ አልፎ፣ በተለይም በውጭኛው ቆዳ ላይ ከሆነ ይህ ከሚያሞቁት ሁሉ የተሻለው ነው። ለየዕለቱና ለድርቀት መፍትሔ ግን የመጨረሻው ምርጫዬ ነው።

ሳይሞቅ የሚያሞቀው

ሚጥሚጣ በነካ እጁ ዓይኑን ያሸ ሰው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ትምህርት አያሻውም። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ቆዳችን ውስጥ ወደ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሙቀት ሲነካቸው «ተቃጠልኩ» ብለው ለአንጎል የሚናገሩ ተቀባዮች አሉ። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ካፕሳይሲን የሚከፍተው ይህንኑ በር ነው፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የተካፈለው በእንደዚህ ያለ ሥራው ነው። ስለዚህ ሚጥሚጣ የነካው ቆዳ ላይ ቴርሞሜትር ብናደርግ እሳት የለም። ነርቩ ተታሏል እንጂ ምንም አልነደደም።

የዚህ ዓይነት ማለስለሻዎች ከበርበሬ የሚወጣ ጭማቂ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ ወይም ቫኒሊል ቡቲል ኢተር የተባለ በፋብሪካ የሚሠራ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ለዘብ ያለ ነው። ቀረፋን ግን አልወደውም፤ ሻይ ውስጥ ነው የሚያምርበት። ሲናማል የተባለው የቀረፋ ንጥረ ነገር አለርጂ በማስነሣት የታወቀ ስለሆነ አውሮፓ ውስጥ በመዋቢያ ምርቶች ላይ ስሙ ተለይቶ እንዲጻፍ ግዴታ ከተጣለባቸው ሽቶዎች አንዱ ነው። የእጅ ቆዳ የቻለውን ስስ ሽፋን ላይችለው ይችላል።

ይህ ዓይነት ከመጀመሪያው የሚሻልበት አንድ መንገድ አለ፤ ብዙውን ጊዜ መሠረቱ ውኃ ስለሆነ ጥማቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ክፋቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ሰው ቀብቶ ይጠብቃል፤ ምንም የለም። ይጨምራል፤ አሁንም የለም። ሲመጣ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ደግሞ ካፕሳይሲን በውኃ የማይሟሟ ስለሆነ ያቃጠለው ሰው ባኞ ቤት ቢሮጥም ውኃው አይረዳውም። በጣት ተይዞ ወደ ዓይን፣ ወደ ኮንታክት ሌንስ፣ ሌሊት ለሚያለቅስ ሕፃን ጡጦ ሊሄድ የሚችለውም ይህኛው ነው። ሁለቱ ባልና ሚስት እኩል አይሰማቸውም፤ እሱ «ገና ነው» ሲል እሷ አቃጥሏት ዝም ብላ ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር ዝምታ እዚህ ላይ ጉዳት አለው።

ሜንቶል የተቀላቀለበትም አለ፤ «ሙቀትና ቅዝቃዜ» እየተባለ ይሸጣል። ሜንቶል የሚነካው የቅዝቃዜን በር ነው፤ ሲበዛ ግን ቅዝቃዜው ራሱ ይለበልባል። እዚህ ላይ ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚታሸውን ቅባት «ያው ሜንቶል ነው» ብሎ መጠቀም የሚያስከትለውን ሥቃይ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። እሱ ለዚህ አልተሠራም።

ሦስተኛው፣ ደም የሚጠራው፣ ሜቲል ኒኮቲኔት ወይም ቤንዚል ኒኮቲኔት ይዟል። የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ቆዳው ይቀላል፤ ይግላል። በተፈጥሮው ቆዳው ቶሎ ለሚቀላና ለሚያሳክከው ሰው ከዚህ ይልቅ ሌላውን ዓይነት እመክራለሁ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዘይት፣ ቫዝሊን፣ ሲሊኮን

የሚያሞቁ የማሻ ዘይቶች አሉ፤ ለጀርባና ለትከሻ ደስ ይላሉ። ችግሩ እጅ ጀርባ ላይ አይቀርም፤ ይወርዳል። ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ያላላል፤ በላቦራቶሪ ሙከራ የማዕድን ዘይት በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንኳ የላቴክሱን ጥንካሬ እጅግ አውርዶታል። ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ የኮኮናት ዘይትና የገላ ሎሽንም ከዚሁ ወገን ናቸው። «ኮንዶሙ ተቀደደ» ተብሎ ፋብሪካው በሚወቀስበት ጊዜ ጥፋቱ ትራስ አጠገብ ያለው የቫዝሊን ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። ናይትራይል ከተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራው የሴት ኮንዶም ግን ዘይት አይበግረውም። ኮንዶም የማይጠቀሙ ባለትዳሮች በንጹሕ ዘይት ምንም ላይሆኑ ይችላሉ፤ የሚያሞቅ ቅመም የተጨመረበትን ዘይት ግን ለዚያ ቦታ አልመክርም። ቅመሙ በዘይት ይሟሟል፤ ዘይቱ ደግሞ በውኃ አይለቅም፤ ስለዚህ ሲያቃጥል ረጅም ሰዓት ያቃጥላል።

ሲሊኮን ሌላ ባሕርይ አለው። ወደ ሰውነት አይሰርግም፤ አይደርቅም፤ ውኃም አይስብም። የላቴክስ ኮንዶም ላይ ከፋብሪካው ተቀብቶ የሚመጣው ቅባት በአብዛኛው ሲሊኮን ነው። ስለዚህ ቶሎ ለሚደርቅባቸው ሰዎች ከውኃማው ይልቅ ይህን እጠቁማለሁ። ሁለት እንከን አለው፦ ከሲሊኮን የተሠራ ዕቃን ያበላሻል፤ ባኞ ቤት ወለል ላይ ከተንጠባጠበ ደግሞ እግር ያሰብራል። ሲሊኮን ሆኖ «ያሞቃል» የሚል ከሆነ ሙቀቱ ከውኃ ጋር በመቀላቀል ሊመጣ አይችልም፤ ቅመም ገብቶበታል ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ቃል

ብዙ ሰው የማሸጊያውን ጀርባ አያነብም፤ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ስሞቹም ያስፈራሉ። እኔ የማየው መጀመሪያ የተጻፈውን ስም ነው። ንጥረ ነገሮች የሚጻፉት ብዙ ድርሻ ካለው እየጀመሩ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ውኃ ከሆነ (በላቲን ስሙ «አኳ» ተብሎም ይጻፋል) ምርቱ ከውኃ ጋር በመቀላቀል ሊሞቅ አይችልም፤ ውኃውን አስቀድሞ ጠጥቷል። ስለዚህ «ያሞቃል» ካለ በዝርዝሩ ታች ቅመም ይፈልጉ። መጀመሪያ የተጻፈው ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው፣ ጥማት ያለበት ዓይነት ነው። ይህቺ አንዲት ብልሃት ግማሹን ሥራ ትሠራለች።

ከዚያ ቀጥሎ ካየሁ የምመልሳቸው አራት ስሞች አሉ። ኖኖክሲኖል-9 የወንድ ዘር ገዳይ ነው፤ በአፍሪካና በታይላንድ በሴተኛ አዳሪዎች ላይ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ደጋግሞ መጠቀሙ ሽፋኑን አቁስሎ ለኤች አይ ቪ የበለጠ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። ክሎርሄክሲዲን ጀርም ገዳይ ነው፤ መልካሞቹን ባክቴሪያዎችም አይምርም። ቤንዞኬይንና ሊዶኬይን ደግሞ ያደነዝዛሉ። የሚያሞቅ ነገር ከሚያደነዝዝ ጋር ሲገናኝ እሳት አስነሥቶ ማስጠንቀቂያ ደወሉን እንደ መንቀል ነው። ሕመም መልእክት አለው፤ አይዘጋም።

አሲዳማነቱ ከተጻፈ ለሴት ብልት ወደ 4.5 የሚጠጋ ፒኤች ይምረጡ። የተፈጥሮ ጠባቂዎቹ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በዚህ ዓይነት አሲድ ውስጥ ነው።

የአገልግሎት ጊዜውን ሲያነቡ አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለ። የፈረንጅ ዓመት ከእኛው በሰባትና በስምንት ስለሚበልጥ፣ ጊዜው ያለፈበት ማሸጊያ በእኛ አቆጣጠር ገና ዓመታት የቀሩት መስሎ ይታያል። ሻጩም ይህን ያውቃል። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ወርን ከቀን ያስቀድማል። ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ ምስል ውስጥ 12 ከተጻፈ፣ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ብቻ ያገለግላል ማለት ነው። ባለፈው ፋሲካ የተከፈተን ለዘንድሮ ፋሲካ አያቆዩት።

በቴሌግራም የሚሸጡ፣ ከዱባይ በሻንጣ የመጡ፣ ጀርባቸው ተፍቆ ዋጋ የተለጠፈባቸው ምርቶች አሉ። የንጥረ ነገር ዝርዝር የሌለውን በነፃ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ። አሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ይቀላል፤ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለብልት የሚሠሩ ማለስለሻዎችን እንደ ሕክምና መሣሪያ ስለሚቆጥራቸው ከታወቀ መድኃኒት ቤት መግዛት ብዙ ጥርጣሬ ይቀንሳል። «የማሻ ጄል» ወይም «የስሜት ቅባት» ተብሎ ብቻ የሚሸጠው ግን በዚያ ወንፊት ያላለፈ ሊሆን ይችላል።

ለማን የቱ

ለጤነኛ፣ ድርቀት ለሌለባቸውና ለመሞከር ብቻ ለሚፈልጉ ጥንዶች፦ ትንሹን ማሸጊያ፣ ከመጀመሪያው ዓይነት። ወደውት እንደሆነ ቫኒሊል ቡቲል ኢተር ያለበትን ውኃማ ሊያወዳድሩ ይችላሉ። በርበሬና ቀረፋ ያለበት ይቅር።

ለምታጠባ እናትና የወር አበባዋ ለቆመ ሴት ምንም የሚያሞቅ አልሰጥም። ሽፋኑ ሳስቷል፤ ሌላ ሰው ላይ ለዘብ ያለው እሷ ላይ ቃጠሎ ነው። ዝቅተኛ ኦስሞላሊቲ ያለው ውኃማ ወይም ሲሊኮን ይሻላታል። ድርቀቱ በግንኙነት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ስትራመድና ስትቀመጥም የሚሰማት ከሆነ ነገሩ የማለስለሻ አይደለም፤ የሴቶች ሐኪም ጋ ትሂድ። በብልት ላይ የሚደረግ ኢስትሮጅን አለ፤ ብዙ ሴቶችን አሳርፏል።

ስለ ተገረዙ ሴቶች ለብቻው ማውራት አለብኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ጥንዶች መካከል ጉዳዩ የሚመለከታቸው ብዙ ናቸው። የጠባሳ ቆዳ እንደ ሌላው ቆዳ አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል፤ ስሜቱም አንዱ ቦታ ደንዝዞ ሌላው ቦታ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ «ስሜት ይጨምራል» የሚለውን አንብበው ለሚስቶቻቸው የሚገዙ ባሎች አሉ፤ ሐሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን በደነዘዘው ቦታ ሳይሰማት ጠባሳው ላይ ሊያቃጥላት ይችላል። እዚህ ቤት የሚሠራው ብዙ ጊዜ፣ ብዙ ተራ ማለስለሻና እሷ «በቃ» ስትል የሚያቆም ሰው ነው። ሕመሙ የማይለቅ ከሆነ ጠባሳውን የሚያይ ሐኪም አለ።

ልጅ ለሚፈልጉ ደግሞ ሌላ ምክር አለኝ። ጥማት ያለበት ማለስለሻ የወንዱን ዘር እንቅስቃሴ እንደሚያዳክም በላቦራቶሪ ታይቷል። ለመፀነስ ለሚሞክሩ ተብሎ የሚሠራ ምርት አለ፤ ከሌለ በእንቁላል መልቀቂያ ቀናት ያለ ማለስለሻ ይሁን።

ማሳከክ፣ የተለየ ሽታ፣ ፈሳሽ ወይም ቁስል ካለ የሚያሞቀውም የማያሞቀውም ይቆየን፤ መጀመሪያ ምርመራ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ነርቩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ቃጠሎውን ዘግይቶ ሊያውቀው ይችላል። ወይባ ጢስ የገባች ሴት ቆዳዋ ግሎና ለስልሶ ስለሚወጣ በዚያ ምሽት የሚያሞቅ ነገር ባትጨምርበት እላለሁ፤ ወይባው ራሱ ምን ጎደለውና!

ሲጠቀሙ

ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠብታ ቀብተው ይቆዩ። በማግሥቱ ካልቀላና ካላሳከከ ሁለቱም በየራሳቸው ጭን ውስጠኛ ክፍል ይሞክሩት። ሁለቱም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የሚቀባው አንዱ ቢሆንም የሚካፈሉት ሁለቱ ናቸው። ሳይነግሩ መቀባት ደግሞ ቀልድ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን የሽምብራ ፍሬ የምታህል ይበቃል፤ ከውጭ ብቻ። አምስት ደቂቃ ሳይቆዩ አይጨምሩ። የሚያሞቅ ቅባት የተቀባ ኮንዶም እየተጠቀሙ ሌላ የሚያሞቅ አይደርቡ። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓይን የሚነካው።

ካቃጠለ ምን ይደረግ? ግሊሰሪን ያለበት ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ይበቃዋል፤ መጀመሪያ ውኃ ሲነካው ትንሽ ሊግል ስለሚችል አይደንግጡ። ቅመም ያለበት ከሆነ ውኃ ብቻ ማፍሰስ ያሰራጨዋል። በርበሬ የደለዘች ሴት እጇን እንደምታደርገው፣ ከውጭ ቆዳ ላይ ንጹሕ የምግብ ዘይት ቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ያዋጣል። ውስጡን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ መታጠብ ፈጽሞ አይገባም። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ያሳርፋል፤ በረዶ በቀጥታ አይሁን። ቃጠሎው ሰዓት ካለፈው፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ማሸጊያውን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ማሸጊያውን መያዝ አይርሱ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው መጀመሪያ እሱን ነው።

እኔ ግን «የሚያሞቀው አለ?» ላለኝ ደንበኛ ብዙ ጊዜ የምሰጠው ተራውን ማለስለሻ ነው። የሞቀውን ሳይሆን የማይቀዘቅዘውን ፈልጎ የመጣ ብዙ ነው፤ በአዲስ አበባ የሐምሌ ሌሊት ከመደርደሪያ የወጣ ጄል ማንንም ያስደነግጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማሸጊያውን እንደተከደነ ለብ ባለ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆም፤ ከዚያ የሕፃን ጡጦ እንደሚሞከረው አንድ ጠብታ የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ መሞከር። ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ አንዱ ጎን ቀዝቅዞ ሌላው ይፈላል። የሚያሞቀውንም በዚህ መንገድ ደግሞ ማሞቅ አያስፈልግም። ብርጭቆም ከሌለ ጄሉን በሁለት መዳፍ መካከል ጥቂት ማሸት ይበቃል፤ ይህኛው ሙቀት ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም።